ጋይንት ላይ ስንት ኦክቴን ይበቃል?

ከወረታ ተነስተው ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ የአካባቢው ሰው ዛሬም «የቻይና መንገድ» በሚለው፣ ሽቅብ ሲወጡ መኪናዎ እየደከመ እንደሚሄድ አስተውለው ይሆናል። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ ትደርሳለች። ከዚያ የጉናን ትከሻ ይዘው፣ ክምር ድንጋይን አልፈው ነፋስ መውጫ ሲገቡ 3,000 ሜትር አካባቢ ነዎት። ታች በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው ዓይነት ዳገት እዚህ ሁለተኛ ይጠይቃል። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የሚያማው ቤንዚኑን ነው፦ «ይሄ ውኃ ነው»፣ «ኦክቴኑ የወረደ ነው» ይላል።

አንዳንዴ እውነቱን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው አየሩ ነው። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር ደግሞ ከፍታ ላይ የሚሠራው ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ ነው። ይህን ለመረዳት ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳወጣውና ምን እንዳስከፈለ ማወቅ ይጠቅማል። ታሪኩ ረዘም ይላል፤ መኪናዎ ምን ዓይነት ቤንዚን እንደሚፈልግ የሚነግርዎ ግን እሱ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር፦ መኪናዎ የናፍጣ ከሆነ ኦክቴን አይመለከትዎትም። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ በጭመቃው ሙቀት ብቻ በራሱ እንዲነድ ነው የሚፈለገው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ በራሱ መንደድ ትልቁ ጥፋት ነው። ስለዚህ ለአንዱ ምርጥ የሆነው ነዳጅ ለሌላው መጥፎ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው እንፈልጋታለን።

መድፍና ሞተር

የቤንዚን ሞተርና መድፍ የሥጋ ዘመድ ናቸው። ሁለቱም አንድ ጫፉ የተዘጋ ቧንቧ፣ በውስጡ የሚነድ ነገር፣ ከፊቱ ደግሞ የሚገፋ ነገር አላቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አፋፍ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ነበር። ዛሬ በዚያው ዳገት የምትወጣ ባጃጅ በደቂቃ ከሺህ ጊዜ በላይ ትንሽ መድፍ እየተኮሰች ነው የምትሄደው፤ ልዩነቱ፣ ጥይቱ ማለትም ፒስተኑ ከቧንቧው ሳይወጣ መመለሱ ነው። የሁለቱም ጭንቀት አንድ ነው። የሚነደው ነገር ቶሎ መንደድ አለበት፤ ከልክ በላይ ቶሎ ከነደደ ግን የሚሰብረው ጠላትን ሳይሆን ቧንቧውን ነው። የሴባስቶፖል ዘመን የመድፍ ሰዎች የባሩዱን ፍሬ እያተለቁ ቃጠሎውን ለማዘግየት ይደክሙ ነበር። የመኪና መሐንዲሶች ከሃምሳ ዓመት በኋላ ወደዚያው ችግር ገቡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና የቤንዚን እንፋሎት ይስባል፤ ሲወጣ ይጨምቀዋል፤ ካንዴላው እሳት ይጭራል። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ እንደ ሰደድ እሳት ወደ ዳር ይጓዛል፤ እየተጓዘም ፒስተኑን በልኩ ይገፋል። ችግሩ ያለው እሳቱ ገና ባልደረሰበት ጥግ ነው። እዚያ የቀረው ድብልቅ ከፒስተኑም ከሚመጣው እሳትም በሚደርስበት ግፊት ይጋላል። ከአቅሙ በላይ ከሆነበት እሳቱን ሳይጠብቅ በአንዴ ይፈነዳል። ያኔ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር የተበተነ የመሰለ ድምፅ ይሰማሉ። ሞተሩ አንኳኳ የሚባለው ይህ ነው። ጥቂት ጊዜ ቢሆን ምንም አይልም። ከቆየ ግን ፋሻ ይሰብራል፣ የፒስተን አናት ይበሳል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል።

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ እ.ኤ.አ. በ1876 ከመንደዱ በፊት የሚጨምቀውን ሞተር ሲያሳይ አንድ ነገር ግልጽ ሆነ፦ ድብልቁ ይበልጥ በተጨመቀ ቁጥር ከአንድ ሊትር ቤንዚን ይበልጥ ሥራ ይገኛል። ታዲያ ለምን ዝም ብሎ አይጨመቅም? ስለሚያንኳኳ ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1907 ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ ከአገሩ ሲነሳ የዘመኑ መኪኖች ድብልቁን ወደ አራት እጥፍ ብቻ ነበር የሚጨምቁት። ዛሬ አዲስ አበባን የሞላችው ቪትዝ አሥር እጥፍ ገደማ ትጨምቃለች። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ያሻገረው የብረቱ ጥራት ብቻ አይደለም፤ የቤንዚኑ ትዕግሥት ነው። ኦክቴን የዚህ ትዕግሥት መለኪያ ነው። የጉልበት፣ የንጽሕና ወይም የጥራት መለኪያ አይደለም።

ቀዩ አበባና መርዙ

እ.ኤ.አ. በ1916 ቶማስ ሚድግሊ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ኦሃዮ ውስጥ በቻርልስ ኬተሪንግ ሥር ሆኖ ማንኳኳቱን ማጥናት ጀመረ። የመጀመሪያው መላ ምት ዛሬ ያስቃል። በረዶ ሳይቀልጥ የምታብብ፣ ቅጠሏ ቀላ ያለ ተክል ነበረች፤ እነሱም ቀይ ቀለም ሙቀት ቶሎ ስለሚስብ ይሆናል፣ ቤንዚኑንም ቀይ ብናደርገው ቶሎ ይተንና ማንኳኳቱ ይቀራል ብለው አሰቡ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ቀይ ቀለም ሲጠፋ አዮዲን ጨመሩበት። ማንኳኳቱ ቆመ! በኋላ እውነተኛ ቀይ ቀለም ገዝተው ሞከሩ፤ ምንም የለም። ሥራውን የሠራው ቀለሙ ሳይሆን አዮዲኑ ራሱ ነበር። በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ በር ከፈቱ ማለት ነው፤ በሳይንስ ታሪክ ይህ ከሚታሰበው በላይ የተለመደ ነው።

አዮዲን ውድ ነበር፣ ብረትም ይበላል። ሌላ ፍለጋ ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1921 ቴትራኤቲል ሌድ የሚባል የእርሳስ ውሕድ ሞከሩ፤ በጣም ጥቂቱ ማንኳኳቱን ጸጥ አደረገው። በ1923 መጀመሪያ ዴይተን ከተማ ለሽያጭ ቀረበ። የንግድ ስሙ «ኤቲል» ተባለ፤ እርሳስ የሚለው ቃል ከስሙ ውስጥ አልነበረም። አጋጣሚ አይመስለኝም።

እርሳስ መርዝ መሆኑ ያኔም አዲስ ወሬ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ውሕዱ በሚሠራበት ፋብሪካ አምስት ሠራተኞች አእምሯቸው ታውኮ ሞቱ። ሚድግሊ ግን በዚያው ወር ጋዜጠኞች ሰብስቦ ፊታቸው እጁን በፈሳሹ ታጠበ፣ አሸተተውም። እሱ ራሱ ከዓመት በፊት በእርሳስ ተመርዞ ሥራ አቋርጦ ነበር። የሕክምና ሰዎች፣ በተለይ ዶክተር አሊስ ሃሚልተን፣ አጥብቀው ተቃወሙ። ሽያጩ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ እንደገና ቀጠለ።

አማራጭ አልነበረም ወይ? ነበር። አልኮል ማንኳኳትን እንደሚያስቀር ኬተሪንግና ሚድግሊ በሚገባ ያውቁ ነበር። ግን አልኮልን ማንም ገበሬ ሊያወጣው ይችላል፤ በባለቤትነት መብት ተይዞ ከእያንዳንዱ ሊትር ላይ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ነገር አይደለም። ይህን ከዚህ በታች ፊንጫ ስንደርስ ያስታውሱት።

ምስክር የሚሆን ነዳጅ

እስከዚህ ድረስ ኦክቴን የሚባል ቁጥር የለም። አንዱ ቤንዚን «ጥሩ»፣ ሌላው «መጥፎ» ይባል ነበር እንጂ በምን ያህል እንደሚበልጥ የሚናገር ሚዛን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1926 ግራሃም ኤድጋር የተባለ ኬሚስት መፍትሔ አቀረበ። ሁለት ንጹሕ ፈሳሾች መረጠ። አንደኛው አይሶኦክቴን ሲሆን በዘመኑ ከነበረው ቤንዚን ሁሉ የበለጠ ታጋሽ ነው፤ 100 ተባለ። ሁለተኛው ሄፕቴን ነው፤ በጥቂት ጭመቃ የሚያንኳኳ፣ ከአንድ የጥድ ዓይነት ሙጫም የሚወጣ፤ 0 ተባለ። የእርስዎ ቤንዚን የሚያንኳኳው 91 እጅ አይሶኦክቴንና 9 እጅ ሄፕቴን የያዘ ድብልቅ በሚያንኳኳበት ልክ ከሆነ፣ ቤንዚንዎ 91 ነው። ውስጡ 91 በመቶ ኦክቴን አለ ማለት አይደለም፤ እንደዚያ ይሆናል ማለት ነው።

ለጋይንት ሰው ይህ አሠራር እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። ድጓን በሌላ ደብር ለዓመታት የተማረ ሰው ቤተ ልሔም ሄዶ ዜማውን ያስመሰክራል፤ የሚለካውም እዚያ ከተያዘው ዜማ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ያ ቤት ባይኖር እያንዳንዱ አገር የየራሱን «ትክክል» ይዞ ይቀር ነበር። ኤድጋር ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ለነዳጅ ምስክር ቤት ሠራ። ከጥቂት ዓመት በኋላ መለኪያው ሞተርም አንድ ዓይነት እንዲሆን ተደረገ፦ አንድ ሲሊንደር ያለው፣ ጭመቃው እየሠራ የሚቀየር ሞተር። ዛሬም በየአገሩ የነዳጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ መኪና ገዢውን የሚያደናግር ነገር ገባ። በዚያው ሞተር ሁለት ዓይነት ፈተና አለ። አንደኛው በደቂቃ 600 ዙር የሚካሄድ ቀለል ያለ ፈተና ሲሆን «ሮን» ይባላል። ሁለተኛው 900 ዙር፣ የሚገባውም ድብልቅ 149 ዲግሪ ድረስ የጋለ ነው፤ «ሞን» ይሉታል፤ ከበድ ስለሚል ውጤቱ ዝቅ ይላል። አውሮፓ፣ ጃፓንና የዓረብ አገሮች ማደያ ላይ የሚለጥፉት ሮንን ነው። አሜሪካ የሁለቱን አማካይ ትለጥፋለች። ስለዚህ ከአሜሪካ የመጣ መኪና የነዳጅ መክደኛው ላይ 87 ቢል፣ ዱባይ 91 ከሚለው ጋር ከሞላ ጎደል አንድ ነው። «የኔ መኪና 87 ይበቃታል፣ ያንተ 91 ትፈልጋለች» ብለው የሚከራከሩ ሁለት ጓደኛሞች በሁለት ቋንቋ አንድ ነገር እየተናገሩ ሊሆን ይችላል።

የጃፓን መደበኛ ቤንዚን ዝቅተኛው ወሰን 89 ሮን ነው፤ ውዱ 96። አውሮፓ 95ን መደበኛ አድርጋለች። አገራችን የሚገባው አሮጌ መኪና አብዛኛው መጀመሪያ የተሠራው ለጃፓን ወይም ለዓረብ ገበያ ስለነበር፣ ከ90 ብዙ የማይርቅ ቁጥር ነው የሚጠይቀው። ከአውሮፓ የመጣ ባለተርቦ መኪና ካለዎት ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ተራራው የሚሰጠው

አሁን ወደ ጋይንት እንመለስ። ነፋስ መውጫ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። ደብረ ታቦር 72፣ ወረታ 80 ገደማ። ሞተሩ አንድ ሊትር አየር ስቤያለሁ ቢልም የገባለት ሰባት አሥረኛው ነው። ጉልበቱ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ ነፋስ መውጫ ላይ 30 በመቶው ጠፍቷል። የትኛውም ቤንዚን ይህን አይመልስም፤ የጎደለው አየር ነውና።

ነገር ግን ያው የጎደለ አየር ሌላ ነገር ይሰጣል። ጥቂት አየር ተጨምቆ የሚፈጥረው ግፊት ጥቂት ነው። ግፊቱ ከቀነሰ በጥጉ ያለው ድብልቅ አይጨነቅም፤ ስለዚህ ትዕግሥቱ ያነሰ ቤንዚንም ይበቃል። በአሮጌ ባለካርቡሬተር መኪኖች ላይ በተደረገ ልኬት የሚፈለገው ኦክቴን በየ300 ሜትሩ በአንድ ቁጥር ያህል ይወርዳል። አዳዲሶቹ በኮምፒውተር የሚመሩ ስለሆኑ የሚያተርፉት ከዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። የሆነ ሆኖ መክደኛው ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። ጋይንት ላይ ለሚነዳ ተራራው ጥቂት ቁጥር በነጻ ይመርቅለታል።

አሜሪካኖች ይህን ወደ ንግድ ቀይረውታል። በሮኪ ተራሮች አካባቢ ባሉ ግዛቶች መደበኛው ቤንዚን እንደ ሌላው 87 ሳይሆን 85 ነው። የዚያ አካባቢ ትልቋ ከተማ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ነች፤ ከወረታ እንኳ ዝቅ ትላለች። የፈተናው ሞተር ራሱም ከፍታን ያውቃል፦ በሮን ፈተና የሚገባው አየር ሙቀት የሚወሰነው በዕለቱ የአየር ግፊት ነው፤ አለበለዚያ ተራራ ላይ ያለ ቤተ ሙከራ ቤንዚኑን ሁሉ ከልኩ በላይ ታጋሽ አድርጎ ያየው ነበር።

ይህ ምርቃት የማይደርሰው አንድ ዓይነት ሞተር አለ፤ አየር የሚገፋለት። የታሪኩ ሌላው ትልቅ ምዕራፍ እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላን ወደ ላይ ሲወጣ የጋይንቱን ችግር በባሰ መልኩ ያገኘዋል። መፍትሔው በመጭመቂያ እያስገደዱ አየር ማስገባት ነበር። አየሩ ሲበዛ ግን ማንኳኳቱም ይመለሳል። የብሪታንያ ተዋጊ አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. በ1940 ጸደይ ከ87 ወደ 100 ኦክቴን ሲሸጋገሩ ሞተሩ ሳይቀየር ይበልጥ አየር መግፋት ቻሉ፤ በዚያው ክረምት በብሪታንያ ሰማይ ላይ በተደረገው ውጊያ ይህ እንደጠቀማቸው ይነገራል። ዛሬ ተርቦ ያለው መኪናዎ ያንኑ ያደርጋል፤ ጋይንት ላይ የጎደለውን አየር ይሞላል። ስለዚህ ጉልበቱ ብዙ አይወርድም፣ የኦክቴን ፍላጎቱም አይወርድም። መክደኛው 95 ካለ ነፋስ መውጫም ላይ 95 ማለቱ ነው። 95 ካላገኙ መፍትሔው የሚሆነው እግርዎ ነው፦ ዳገት ላይ ማርሽ ቀንሰው፣ ነዳጅ መስጫውን ሳያስጨንቁ መውጣት። የማንኳኳት መስሚያ መሣሪያ ያላቸው ዘመናዊ ሞተሮች የካንዴላውን ሰዓት አዘግይተው ራሳቸውን ያድናሉ፤ ዋጋው ትንሽ ጉልበትና ትንሽ ተጨማሪ ነዳጅ ነው።

የኛ ማደያ

እኛ ጋ «ኦክቴን መምረጥ» የሚለው ሐሳብ ራሱ ትንሽ ያስቃል፤ ማደያችን ላይ የተጻፈው «ቤንዚን» ብቻ ነው። መካኒክ ቤት ስንገባ አፋችን ላይ ያለው ቃል፣ ቤንዚንና ናፍጣ፣ ካንዴላና ማርሽ፣ ቴስታታና ማርሚታ፣ ከጣሊያን የወረስነው ነው። ቤንዚኑ ራሱ ግን በየዘመኑ ከተለያየ አገር ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1997 በሶቪየት እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ከካርቱም አጠገብ የተጣራ ቤንዚን በመተማ በኩል ይገባ ነበር፤ ለጎንደርና ለባሕር ዳር ይህ የጓሮ ገበያ ያህል ነው። ዛሬ ከጅቡቲ ወደብ ይነሳል፤ ጋይንት እስኪደርስ ረጅም መንገድ በቦቴ ይጓዛል።

በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠው ቤንዚን 5 በመቶ ኤታኖል ተቀላቀለበት፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ አደገ። ኤታኖሉ መጀመሪያ የመጣው ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ፣ ከሞላሰስ ነው። ኬተሪንግና ሚድግሊ ትተውት ያለፉት አልኮል ይኸው ነው። የኤታኖል ሮን ከ100 በላይ ነው፤ በአንድ ሊትር የያዘው ኃይል ግን ከቤንዚን ሁለት ሦስተኛ ብቻ ነው። «ኦክቴኑ ከፍ ያለ ቤንዚን ጉልበት አለው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

እርሳሱስ? አሜሪካዊው ክሌር ፓተርሰን የምድርን ዕድሜ ለመለካት ሲሞክር ቤተ ሙከራው ሁሉ በእርሳስ የተበከለ ሆኖ አገኘው፤ ምንጩን ሲከተል ከመኪና ጭስ ጋር ተገናኘ። እ.ኤ.አ. በ1965 ያገኘውን ሲያወጣ ኢንዱስትሪው አልወደደለትም። ከዚያ ሌሎች ተመራማሪዎች ጥቂት እርሳስ እንኳ የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ አሳዩ። ሀብታም አገሮች ከ1970ዎቹ ጀምሮ መተው ሲጀምሩ አፍሪካ ላይ ግን መሸጡ ቀጠለ፤ አንድ ትውልድ ሙሉ እነሱ የተዉትን ስንተነፍስ ኖርን። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2001 ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች ዳካር ላይ ተሰብስበው ለመተው ተስማሙ፤ 2006 ሲገባ አካባቢው ነጻ ወጣ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ናት፤ ሐምሌ 2021። አንድ ቁጥር ከፍ ለማድረግ መቶ ዓመት የተከፈለው ዋጋ ይህ ነው። መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠውን «ኦክቴን መጨመሪያ» ሳይ የሚሰማኝም ከዚህ የመጣ ነው። እርሳስ የለበትም፤ ብዙው ግን የብረት ወይም የማንጋኒዝ ውሕድ ነው፣ ካንዴላ ላይ ዝገት የመሰለ ነገር ይተዋል። ተርቦ የሌላት መኪና 2,500 ሜትር ላይ የሚነዳ ሰው የማያስፈልገውን ነገር ነው የሚገዛው።

የጀሪካኑ ሒሳብ

አሁን መጀመሪያ ላይ ያዙልኝ ያልኩትን እንፈታ። ከማደያ ርቀው ባሉ ቦታዎች፣ ስማዳና እስቴን ጨምሮ፣ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ብዙ ጊዜ የሚጠጡት በጀሪካንና በሃይላንድ ላስቲክ የሚሸጥ ቤንዚን ነው። ሻጩን ሁሉ ሌባ ማለቴ አይደለም፤ ማደያ ባዶ ሲሆን ሰው እንዲሠራ ያደረገው እሱ ነው። ነገር ግን ሊትሩን ለማብዛት ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የሚቀላቅል አለ። ሁለቱም በራሳቸው ቶሎ የሚነዱ ናቸው፤ ለናፍጣ ሞተር ጸጋ የሆነው ነገር እዚህ መርገም ነው። የነጭ ጋዝ ኦክቴን 20 ገደማ ነው እንበል። አራት ሊትር ባለ91 ቤንዚን ላይ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ቢጨመርበት፣ ድብልቅ ሁልጊዜ በቀጥተኛ ስሌት ባይሄድም፣ በግምት 77 ይሆናል። አዲስ መኪና ላይ ተራራው የመረቀው ከአምስት ያነሰ ቁጥር ነበር፤ የተቀላቀለው ጋዝ የወሰደው አሥራ አራት።

በመጀመሪያ ሽታውንና መዳፍ ላይ ያለውን ፍጥነት ይዩ፦ ቤንዚን እጅ ላይ ጠብ ሲል ወዲያው ይተናል፤ ጋዝ ወይም ናፍጣ ያለበት ቅባት ትቶ ይሄዳል። እሳት በሌለበት፣ በአንድ ጠብታ ብቻ ይሞክሩት፣ ከዚያ እጅዎን ይታጠቡ። ጀሪካኑን ግን ቤት ውስጥ፣ በተለይ ምድጃ ባለበት፣ በጭራሽ አያሳድሩ፤ እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ሄዶ እሳት ያገኛል። ክዳኑ ላልቶ ሳምንታት የቆየ ቤንዚንም ቀላል ቀላሉ ተኖበት ጠዋት ሞተር ማስነሳት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ምርመራ መንገዱ ራሱ ነው። የተቀላቀለ ቤንዚን ነፋስ መውጫ ላይ ዝም ሊል ይችላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ይሸፍንለታል። ያንኑ ታንክ ይዘው ወረታ ወርደው፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀት ላይ ሰው ጭነው ከአለም በር ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲመለሱ፣ የመጀመሪያዎቹ ዳገቶች ላይ ጠጠሩ ይበተናል። ያኔ እግርዎን ያንሱ፣ ማርሽ ይቀንሱ፣ ቀስ ብለው ይውጡ። በሚቀጥለው ማደያ ንጹሕ ቤንዚን ካገኙ ታንኩ ባዶ እስኪሆን ሳይጠብቁ ይጨምሩበት፤ ግማሽ በግማሽ ሲሆን እንኳ 77 የነበረው ወደ 84 ይመለሳል፣ ለባለካርቡሬተር አሮጌ መኪና ደብረ ታቦር ላይ ይህ ይበቃል።